ከጭቃ ወደብ የወጡ መርከቦች፦ የዊትቢ የባሕር ታሪክ

በ1768 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አንድ መርከብ ፈለገ። (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) መርከቡ ሳይንቲስቶች ጭኖ ታሂቲ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ቬኑስ የምትባለው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ይመለከታሉ። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ አውሮፓውያን በወጉ ካርታ ያላነሱለትን ባሕር ያስሳል። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ምን ይመረጣል? ፈጣን፣ ቀጠን ያለ፣ መድፍ የተደረደረበት የጦር መርከብ ይመስለን ይሆናል።

የተገዛው ግን አራት ዓመት የድንጋይ ከሰል ሲያመላልስ የኖረ የጭነት መርከብ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አፍንጫው ድፍን፣ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር። በዛሬ ቋንቋ ለጠፈር ጉዞ ሲኖትራክ እንደ መግዛት ነው። ዋጋው 2,800 ፓውንድ ገደማ ነበር። ስሙም ተቀየረና «ኧርል ኦፍ ፔምብሮክ» የነበረው «ኢንዴቨር» ተባለ። አዛዡ ጄምስ ኩክ ነው።

ይህ መርከብ የተሠራው ዊትቢ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ነው። ኩክም የባሕር ሥራ የተማረው እዚያው ነው። እንዴት እንዲህ ሆነ? መልሱን ለማግኘት በጭቃ፣ በከሰልና (ይቅርታ ይደረግልኝ) በሽንት በኩል ማለፍ አለብን።

መጀመሪያ ጭቃው

ዊትቢ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በዮርክሺር ጠረፍ ላይ ናት። ኤስክ የሚባል ወንዝ በሁለት ገደሎች መካከል አልፎ ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል። ከተማዋ በግራና በቀኝ ገደሎቹ ላይ ተንጠልጥላለች። በምሥራቁ ገደል አናት ላይ የፈረሰ ገዳም አለ። የመጀመሪያውን ገዳም በ657 የመሠረተችው ሂልድ የምትባል መነኩሲት ናት። በ664 እዚያው የፋሲካ ቀን እንዴት ይቆጠር ብለው ተሰብስበው ተከራክረዋል። ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከወደቡ ወደ ገደሉ አናት 199 ደረጃዎች ይወጣሉ። ብዙው ቱሪስት ደረጃውን የሚወጣው ስለ አንድ ደም መጣጭ በተጻፈው «ድራኩላ» በሚባል ልብ ወለድ ምክንያት ነው። እሱን ለሌላ ቀን እንተወውና ወደ ውሃው እንውረድ።

ባሕር አጠገብ ላላደግን ሰዎች አንድ ነገር ቀድሞ ግልጽ መሆን አለበት። ባሕር እንደ ጣና ባለበት ረግቶ አይቀመጥም። በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሳ እዚህ ጠረፍ ላይ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ዊትቢ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲበዛ 5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲሞላ ወደቡ ወደብ ይመስላል። ሲጎድል ግን ሰፊው ክፍሉ ጭቃ ይሆናል። ትናንሽ ጀልባዎችም ጭቃው ላይ ዘርፈጥ ብለው ቀጣዩን ሙላት ይጠብቃሉ።

ይህ ለመርከብ ሠሪ ራስ ምታት ነው። ታቹ ሹል የሆነ መርከብ ውሃው ሲሸሽበት በጎኑ ይወድቃል። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ይናዳል፣ ጣውላውም ይላቀቃል። ታቹ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን እንደ ድስት ቁጭ ይላል። ውሃው ሲመለስ ተነስቶ ይሄዳል። የዊትቢ አናጢዎች ለዓለም ዞሪ ጉዞ ብለው አልነበረም እንዲህ የሠሩት። የራሳቸው ወደብ መጥፎ ስለነበረ ነው።

ከዚያ ሽንቱ

ጠፍጣፋው መርከብ ለምን ከሰል ጫነ? እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ጨርቅ ይዞራል።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ትልቁ የውጭ ንግድ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ጨርቅ ደግሞ ቀለም ይነከራል። ቀለሙ ብቻውን አይይዝም፤ ሲታጠብ ይለቃል። ክሩንና ቀለሙን የሚያያይዝ ነገር ይፈልጋል። ያ ነገር አሉም ነው፤ ነጭ ጨው የሚመስል፣ ሲቀምሱት አፍ የሚያኮማትር። ቆዳ ለማልፋትም ይጠቅማል። ለአውሮፓ ዋናው የአሉም ማውጫ ከሮም ብዙ ሳይርቅ ቶልፋ ላይ ነበር፤ ባለቤቱም የሮማው ጳጳስ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1530ዎቹ ከሮም ጋር ሲቆራረጥ፣ የእንግሊዝ ጨርቅ በጠላት እጅ ባለ ዕቃ ላይ የቆመ ሆነ። የራስ አሉም መፈለግ ግድ ነበር።

በ1600ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተፈለገው በዮርክሺር ገደሎች ውስጥ ተገኘ። እዚያ በገጽ በገጽ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ሠራተኞች ገደሉን በዶማ እየናዱ ድንጋዩን እንደ ኮረብታ ይከምሩታል። ከሥሩ እሳት ይለኩሱበታል። ክምሩ ለወራት፣ አንዳንዴ እስከ ዘጠኝ ወር ይጨሳል። ከዚያ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ውሃው ተጠልሎ በትልልቅ ብረት ድስት ይፈላል። መጨረሻ ላይ አሉሙ እንዲረጋ አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ ወይ የተቃጠለ የባሕር አረም አመድ፣ ወይ የቆየ ሽንት። በሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ነው ሥራውን የሚሠራው። ፈሳሹ በቂ መወፈሩን የሚያውቁት እንቁላል ጥለውበት ነው ይባላል። እንቁላሉ ከተንሳፈፈ ደርሷል።

ለፋብሪካዎቹ የአካባቢው ሰው ሽንት አይበቃም ነበር። ስለዚህ ከለንደንና ከሌሎች ከተሞች በበርሜል እየተሰበሰበ በመርከብ ይመጣ ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። የመርከቦቹ ሠራተኞች ስለ ጭነታቸው ሲጠየቁ ምን ይሉ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ማፍላቱ ደግሞ ማገዶ ይበላል። ከሰሉ በሰሜን፣ በኒውካስል በኩል ሞልቷል። በዚያ ዘመን መንገድ በጋሪ ከባድ ጭነት ማመላለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከሰል በባሕር ይገባል፣ አሉም በባሕር ይወጣል። የዊትቢ ሰዎች በዚህ መሐል ዋናውን ነገር አወቁ፤ ገንዘቡ ያለው ከአሉሙ ይልቅ ማመላለሱ ላይ ነው። ለንደን እያደገች ነበር። በየቤቱ ምድጃ አለ፣ ምድጃውም ከሰል ይፈልጋል። የዊትቢ መርከቦች ከኒውካስል ከሰል ጭነው በቀጥታ ለንደን ማራገፍ ጀመሩ። ብዙዎቹ መርከቦች የራሳቸውን ከተማ የሚያዩት ለክረምት እረፍትና ለጥገና ሲመጡ ብቻ ሆነ። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ዊትቢ በመርከብ ሥራ ከለንደንና ከኒውካስል ቀጥላ በእንግሊዝ ሦስተኛ ነበረች። አሁንም ልድገመው፤ ትንሽ ከተማ ናት።

ልጁ ከሱቅ ወደ ባሕር

ጄምስ ኩክ በ1728 ከዊትቢ ብዙ በማይርቅ መንደር፣ ከእርሻ ሠራተኛ ቤት ተወለደ። በወጣትነቱ ስቴይዝ በሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሱቅ ውስጥ ገባ። ሱቁ አልሆነለትም። በ1746 ገደማ ዊትቢ ውስጥ ጆን ዎከር ለሚባል የመርከብ ባለቤት ተለማማጅ ሆኖ ተቀጠረ። ዎከር የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበር፤ ኩዌከሮች ጦርነት የማይወዱ፣ ድምቀት የማያበዙ ጨዋ ነጋዴዎች ናቸው። ቤቱ ግሬፕ ሌን በሚባል ጠባብ መንገድ ላይ ዛሬም አለ፤ ሙዚየም ሆኗል።

የኩክ የመጀመሪያ መርከብ «ፍሪላቭ» የምትባል የከሰል መርከብ ነበረች። ከኒውካስል ለንደን ያለው መንገድ በካርታ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጠረፉን ይዞ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ በውሃ ሥር ባሉ የአሸዋ ክምሮች የተሞላ ነው። አሸዋው ደግሞ ቦታውን ይቀያይራል። ጉም አለ፣ የክረምት ማዕበል አለ፣ የመብራት ማማ ግን ጥቂት ነው። እዚህ ያደገ መርከበኛ ገመድ ጫፍ ላይ የእርሳስ ብረት አስሮ ጥልቀት መለካት እንደ መተንፈስ ይለምደዋል። በሰፊው ውቅያኖስ መሐል ከመሄድ ይልቅ መሬት አጠገብ መሄድ ይበልጥ እንደሚያስፈራም ያውቃል። የማያውቁትን ጠረፍ ካርታ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

በ1755 ዎከር አንዷን መርከብ በአዛዥነት ሊሰጠው ሲል፣ ኩክ ትቶት እንደ ተራ መርከበኛ ባሕር ኃይል ገባ። ለምን እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስናይ ግን የከሰሉን ትምህርት ይዞት እንደሄደ ግልጽ ነው።

ድስቱ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ

«ኢንዴቨር» በነሐሴ 1768 ከፕሊመዝ ስትነሳ 94 ሰዎች ጭና ነበር። ለከሰል የተሠራው ሰፊ ሆዷ አሁን የብዙ ወር ምግብ፣ ውሃ፣ መለዋወጫ ሸራና ገመድ ያዘ። ይህ አንዱ ጥቅሟ ነው። ሁለተኛው ጥቅሟ የታየው በሰኔ 11 ቀን 1770 ሌሊት ነው።

መርከቧ የአውስትራሊያን ምሥራቅ ጠረፍ ይዛ ወደ ሰሜን ትጓዝ ነበር። ሌሊት 5 ሰዓት ገደማ ታላቁ የኮራል ድንጋይ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ) ላይ ወጣች። በከፋ ሰዓት፣ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው የወጣችው። ውሃው ሲጎድል ይበልጥ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ሹል ብትሆን በጎኗ ወድቃ ታሪኳ እዚያ ባበቃ ነበር። እሷ ግን የተሠራችው ለመቀመጥ ነው። መድፎቹን፣ የሚዛን ድንጋዩን፣ የተበላሸ ምግቡን፣ በአጠቃላይ ከ40 ቶን በላይ ዕቃ ወደ ባሕር ጣሉ። በማግስቱ ሙላት አልተነሳችም። በቀጣዩ የሌሊት ሙላት፣ ከ23 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ተነሳች።

ቀዳዳው አሁንም አለ። ሸራ ላይ ሱፍና የተፈታታ ገመድ ሰፍተው በገመድ እየሳቡ ከመርከቡ ሆድ ሥር አሳለፉት። ውሃው ራሱ ሸራውን ወደ ቀዳዳው ገፍቶ ወተፈው። ወንዝ አፍ ደርሰው መርከቧን ወደ ዳር ሲያወጧትና ባሕሩ ሲጎድል፣ ቀዳዳው ውስጥ የተሰበረ ኮራል ተሰክቶ አገኙ። እሱ ባይወትፈው ኖሮ ሸራውም አያድናቸውም ነበር። ጥገናው ሳምንታት ፈጀ። ጠፍጣፋ መርከብ ለጥገና የመርከብ መሥሪያ ግቢ አይፈልግም፤ ሙላትና ጉድለት ይበቃዋል። ዊትቢ ላይ የሚደረገውን ነው በዓለም ሌላ ጫፍ ያደረጉት።

ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። የጉጉ ዪሚዲር ሕዝብ አገር ነው። «ካንጋሩ» የሚለው ቃል ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች የገባው ከእነሱ ነው። መርከበኞቹ ብዙ የባሕር ኤሊ ይዘው ሲያከማቹ፣ ባለአገሮቹ ድርሻቸውን ጠየቁ። ተከለከሉ። ሣሩን አቃጠሉባቸው፣ እነዚህም ተኮሱ። ኋላ አንድ ሽማግሌ ጫፉ የተሰበረ ጦር ይዘው መጥተው ነገሩ በረደ። የሽምግልናን ወግ ለምናውቅ የተሰበረው ጦር አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ኩክ ግን ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በነሐሴ 22 ምሥራቁን ጠረፍ በሙሉ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው ብሎ ባንዲራ ሰቀለ። ማንንም አልጠየቀም። በ1788 እስረኞችና ሰፋሪዎች ጭነው አውስትራሊያ ከደረሱት 11 መርከቦች መካከል «ፊሽበርን» እና «ጎልደን ግሮቭ» የዊትቢ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ የዊትቢን መርከብ ስናደንቅ ምን ይዞ እንደሄደም አብረን ማየት አለብን።

ኩክ ለቀጣዮቹ ጉዞዎችም ምርጫውን አልቀየረም። «ሬዞሉሽን»፣ «አድቬንቸር»፣ «ዲስከቨሪ»፣ ሦስቱም ዊትቢ የተሠሩ ናቸው። በ1779 ሃዋይ ላይ ሲገደል ባሕሩ ዳር ቆመው ይጠብቁት የነበሩት መርከቦች የወጣትነት ከተማው ልጆች ነበሩ።

ዓሣ ነባሪው

በዚሁ ዘመን ዊትቢ ሌላ ሥራም ነበራት። ከ1753 ጀምሮ መርከቦቿ በየዓመቱ ወደ ግሪንላንድ ባሕር እየወጡ ዓሣ ነባሪ ያድኑ ነበር። ስቡ እየቀለጠ የመብራት ዘይት ይሆናል። አፉ ውስጥ ያለው ተጣጣፊ ነገር የሴቶች ወገብ ማጥበቂያ ይሠራበታል። ስቡ የሚቀልጠው ወንዙ ዳር ነው። ሽታው ከአሉሙ ሽታ ጋር ሲደመር፣ የዚያ ዘመን ዊትቢ ዛሬ ፖስትካርድ ላይ እንደምናያት እንዳልነበረች መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሥራ ሁለት ስሞች ይነሳሉ፤ አባትና ልጅ፣ ሁለቱም ዊሊያም ስኮርስቢ። አባትየው በምሰሶው ጫፍ ላይ ለጠባቂ የሚሆን በርሜል መሰል መጠለያ በ1807 ሠራ። ከዚያ በፊት ጠባቂው በበረዶ ንፋስ ውስጥ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚውለው። ልጅየው በ16 ዓመቱ ከአባቱ ጋር 81 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ደረሰ፤ በጊዜው መርከብ ከደረሰበት ሁሉ የራቀ ነበር። እሱ ከአዳኝነት ይልቅ ወደ ምርምር ያደላ ነበር። የበረዶ ቅንጣቶችን በማጉያ እያየ ሥዕላቸውን ሣለ። የባሕሩን ጥልቅ ውሃ ሙቀት ለካና ከላይኛው ይልቅ የታችኛው እንደሚሞቅ አገኘ። በመጨረሻም ባሕሩን ትቶ ቄስ ሆነ።

አደኑ በ1830ዎቹ አበቃ። ዓሣ ነባሪው አልቆ ነበር፤ ለመብራትም ሌላ ነገር መጥቷል። ዛሬ በምዕራቡ ገደል ላይ ከመንጋጋ አጥንት የተሠራ ቅስት ቆሟል። ሰው ሥሩ ፎቶ ይነሳል። አሁን ያለው አጥንት በ2003 ከአላስካ የመጣ ነው፤ የዊትቢ መርከበኞች አላደኑትም።

ባሕሩ ሲያስከፍል

የካቲት 9 ቀን 1861 ከባድ ማዕበል ተነሳ። መርከቦች ተራ በተራ ወደ ዊትቢ ዳርቻ እየተገፉ ይሰበሩ ጀመር። የነፍስ አድን ጀልባው ሠራተኞች በመቅዘፊያ እየቀዘፉ አምስት ጊዜ ወጥተው አምስት ጊዜ ሰው ይዘው ተመለሱ። ስድስተኛ ወጡ። ጀልባው ከወደቡ አፍ አጠገብ ተገለበጠ። ከ13ቱ 12ቱ ሞቱ፤ ከተማው ከግንቡ ላይ ቆሞ እያየ።

የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ነው። አዲስ ዓይነት የቡሽ መንሳፈፊያ ለብሶ ነበር። ሌሎቹ የለበሱት አሮጌውን ነው። አንድ ጃኬት፣ አንድ ሰው። ስለ አዲሱ ጃኬት ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ አልተገኘም። ፍሪማን ፈርቶ አልቀረም። በኋላ የጀልባው አለቃ ሆነ፣ ከ300 በላይ ሰዎችን በማዳን ተካፍሏል።

በጥቅምት 30 ቀን 1914 ደግሞ «ሮሂላ» የምትባል የሆስፒታል መርከብ 229 ሰዎች ይዛ ከከተማው አጠገብ ሶልትዊክ ላይ ድንጋይ መታች። ጦርነት ነው፤ የጠረፍ መብራቶች ጠፍተዋል። መርከቧ ከዳር የምትርቀው በጥቂት መቶ ሜትሮች ነው፤ ሰው በዓይኑ ያያቸዋል፣ ሊደርስባቸው ግን አልቻለም። ሰዎች የነፍስ አድን ጀልባውን ተሸክመው በግንብ ላይ አሻግረው በድንጋዩ መሐል ጎተቱት። ሁለት ጊዜ ደርሶ 35 ሰው አወጣና ራሱ ተሰባበረ። ነገሩ 50 ሰዓት ቆየ። በመጨረሻ ከታይንማውዝ ሞተር ያለው ጀልባ በጨለማ ተጉዞ መጣ። ማዕበሉን ለማብረድ ባሕሩ ላይ ዘይት አፈሰሰ። የቀሩትን 50 ሰዎች አወጣ። ከሞቱት ከ80 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሊዋኙ ሞክረው የቀሩ ናቸው። ከዳኑት አንዷ ሜሪ ሮበርትስ ከሁለት ዓመት በፊት ከታይታኒክም የተረፈች ነበረች። ከዚህ በኋላ መቅዘፊያ ይበቃል የሚል ክርክር ጉልበት አጣ።

ጭቃው መልሶ ሲይዝ

ዊትቢን ያሳደጋት ጥልቀት የሌለው ወደብ፣ ብረት መርከብ ሲመጣ እንቅፋት ሆነባት። ተርንቡል የሚባለው ቤተሰብ ከ1871 ጀምሮ የብረት የእንፋሎት መርከብ ሠርቷል። መርከብ ግን በየዓመቱ እየገዘፈ ሄደ። ከወንዙ ላይኛ ክፍል የወጣ መርከብ በጠባቡ የድልድይ ክፍተት ማለፍ ነበረበት። ሥራው በ1902 አቆመ። አሁን ያለው፣ ለመርከብ ዞር ብሎ መንገድ የሚለቀው ድልድይ ሥራ የጀመረው በ1908 ነው፤ ዘግይቷል። የአሉሙ ሥራም ርካሽ ዘዴ ሲመጣ በ1871 ተዘግቶ ነበር። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ለተወሰነ ጊዜ ከተማውን አቆየ፤ በጭስ የደረቀው ዛሬም ይሸጣል። አሁን ዋናው ሸርጣንና ሎብስተር ነው፤ እና ቱሪስት።

የ«ኢንዴቨር» ሙሉ መጠን ያለው አምሳያ በ2018 ዊትቢ ወደብ ገብቶ ለጎብኚዎች ተከፍቶ ነበር። እውነተኛዋ መርከብ ከጉዞው በኋላ ተሽጣ «ሎርድ ሳንድዊች» ተባለች። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ወታደርና እስረኛ ጫነች። በ1778 እንግሊዞች የፈረንሳይ መርከቦች እንዳይገቡ አሜሪካ ውስጥ ያለውን የኒውፖርትን ወደብ ለመዝጋት ከሌሎች አሮጌ መርከቦች ጋር ሆን ብለው አሰጠሟት። በ2022 የአውስትራሊያ የባሕር ሙዚየም ስብርባሪዋን አገኘሁ አለ። አብረው ሲፈልጉ የነበሩት አሜሪካውያን ገና ነው አሉ፤ ክርክሩ አልበረደም። ከጣውላው የቀረው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም ያለው ጭቃ ሥር ነው።